ፒንሳው የት ይመለሳል?

ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባደግሁበት ግቢ፣ ጋራዥ የምንላት በቆርቆሮ የተከደነች ክፍል ነበረችን። ለአባቴ ቮልስ ተብላ ብትሠራም፣ ቮልሷ አንድም ቀን አድራባት አታውቅም። ክፍሏን ያረጀ ጎማ፣ ክሪክ፣ የቀለም ጣሳና ወንበር ስብርባሪ ሞልቷት ነበር። ቁልፉ፣ ካቻቢቴው፣ ሚስማሩ አንድ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቋል። ፒንሳ ሲፈለግ ከረጢቱ መሬት ላይ ይዘረገፋል፤ ፒንሳው ሲገኝ ደግሞ ሥራው መሽቶበታል። ያን እያየሁ ስላደግሁ፣ ዛሬ ሰው ቤት ገብቼ መሣሪያ በወግ የተሰቀለበት ግድግዳ ካየሁ ሳልመረምር አላልፍም።

መጀመሪያ የማየው የተሰቀለውን ሳይሆን የተሸከመውን ነው። የፒያሳና የአራዳ አሮጌ ቤት ብዙው እንጨትና ጭቃ ነው፤ ቋሚው በማገር ተጠፍሮ፣ ጭድ በገባበት ጭቃ ተመርጎ፣ ከላይ ተለስኗል። እንዲህ ያለው ግድግዳ ያገኘውን ሚስማር ሁሉ ይቀበላል፤ ክፋቱም እሱ ነው። ሚስማሩ በሁለት ቋሚዎች መካከል ከተመታ የያዘው ደረቅ ጭቃ ብቻ ነው፤ በየቀኑ ሲሰቀልበትና ሲነሳበት ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። በጣታችሁ አንጓ ግድግዳውን አንኳኩ። ጭቃው ላይ ድምፁ ይታፈናል፣ ቋሚው ላይ ጠጠር ይላል። ሙያ ያለው ሰው ቋሚዎቹን እንዲህ አንድ በአንድ አግኝቶ፣ ከቋሚ ቋሚ አግድም ጣውላ በረጅም ቪቴ ያስራል፤ መስቀያ ሰሌዳውን የሚያሳርፈው በዚያ ላይ ነው።

ብሎኬት ሌላ ጠባይ አለው። ሆዱ ባዶ ነው። ቪቴውን የሚይዘው ፊሸር ቀዳዳውን ሞልቶ ካልያዘ ቪቴው ሲጠብቅ አብሮ ይሽከረከራል፣ ሠራተኛውም «ያዘ» ብሎ ይሄዳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ከቪቴው ሥር ጣታችሁን አሳልፉ። ነጭ የልስን ዱቄት ጣታችሁን ከነካ ቪቴው እየተነቃነቀ ነው።

በ2 ጣት ስፋት ከግድግዳ ያልራቀ ሰሌዳም አልወድም። የአዲስ አበባን ክረምት የሚያውቅ ይረዳኛል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ግድግዳው ራሱ ይረጥባል። የተለጠፈ ሰሌዳ ጀርባው ይሻግታል፣ ሞረዱና መጋዙ ዝገት ያወጣሉ። ያ አግድም ጣውላ ጭነቱን ከመሸከሙ ሌላ አየርም ያሳልፋል። እኔ ራሴ ቋሚ መፈለግን ሳላውቅ ተከራይቼ በነበርኩበት ቤት የቀለም ጣሳ መደርደሪያ በ3 ሚስማር ጭቃ ላይ ሰቅዬ ነበር። በነሐሴ አንድ ሌሊት ልስኑን ይዞ ወረደ።

መስቀያው ላይ ስንደርስ የአባቶቻችን ኩላብ ትዝ ይለኛል። ጋሻው፣ ጎራዴው፣ መሶቡ የሚሰቀለው በኩላብ ነበር። የቀንድ ኩላብ ወደ ላይ ቀና ያለ ስለሆነ የተሰቀለው ዕቃ በገዛ ክብደቱ ወደ ግድግዳው ይጠጋል። ዛሬም መስቀያ የምመዝነው በዚህ ነው፦ መዶሻውን ሰቅዬ ሰሌዳውን በመዳፌ መታ አደርገዋለሁ። መዶሻው ተወዛውዞ ከረጋ ጥሩ፤ ወደ ጫፉ ከሸሸ ጠማማ ሚስማር ነው።

አደራደሩን ለማወቅ ወደ ፒያሳ ወርቅ ሰሪዎች መሄድ ነው። የሠራተኛው መቀመጫ ጠባብ ቢሆንም ወረንጦው፣ ሞረዱ፣ ትንሿ መዶሻ ሁሉም በአንድ ክንድ ርቀት ናቸው፤ ዓይኑ ከሥራው ሳይነሳ እጁ ያገኛቸዋል። ለጋራዥም ሕጉ ያው ነው። ዕለት ዕለት የሚነሳው ከደረት እስከ ዓይን ባለው ከፍታ ይሁን፤ ክሪኩና ሌላው ከባድ ዕቃ ወለል አጠገብ ይቀመጥ። ከመኪናው መስታወት በላይ ብረት የሰቀለን ሰው ሙያተኛ ልለው አልችልም።

ቦታ የተሰጠው ዕቃ ወደዚያው እንዲመለስ ምልክት ይፈልጋል። አሜሪካዊቷ የምግብ ባለሙያ ጁሊያ ቻይልድ ወጥ ቤት ውስጥ ባሏ የእያንዳንዱን ድስት ቅርጽ ሰሌዳው ላይ በመስመር ስሎላት ነበር፤ ወጥ ቤቱ ዛሬ በዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል። በእኛም አገር ካይዘን የተባለውን የጃፓን የሥራ አያያዝ ዘዴ የሠለጠነ ፋብሪካ የገባ ሰው ይህንኑ ያያል። 5ቱ «ማ»ዎች ከሚባሉት መጀመሪያ የሚመጣው ማጣራት ነው፣ ማስቀመጥ ከዚያ ይከተላል። ትክክል ነው። 3 የተበላ የ13 ቁልፍ ጎን ለጎን ተሰቅሎ ካየሁ፣ ባለቤቱ ከረጢቱን ወደ ግድግዳ አዛወረው እንጂ አላጣራም እላለሁ።

ካየኋቸው ሁሉ የማስበልጠው የአንድ ጎረቤታችንን ነው፤ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ሰሌዳቸው አሮጌ የበር ሳንቃ ነው፤ የእያንዳንዱን መሣሪያ ቅርጽ በጥቁር ቀለም ከበውበታል። ከኋላው ያለው ጣውላ ጠርዙ ሰያፍ ተቆርጧል፤ የሰሌዳውም እንዲሁ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ያለ አንድ ቪቴ ይነሳል። ለምን እንዲህ እንደሠሩት ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ቤቱ የቀበሌ ነው፤ ሰሌዳው ግን የእኔ ነው» አሉኝ።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ፒያሳ ሲደርስ ሰፈራቸው ፈረሰ፤ እሳቸውም ኮንዶሚኒየም ገቡ። ሰሌዳውን ለ2 ሆነን አንስተን በአይሱዙ ጫንነው፣ መሣሪያውን በጣሳና በሳጥን። አዲሱ ቤት በረንዳው ጠባብ ስለሆነ ኮሪደሩ ላይ ሰቀልነው። እሳቸው ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየጠረጉ ወደየቅርጻቸው መለሱ። ማታ ሻይ ቀርቦልን ሳለ ቀና ብለው ሰሌዳውን አዩና «የ14 ቁልፍ ፒያሳ ቀርቷል» አሉ።