መናፈሻና ጆሮ
በደሴና በኮምቦልቻ የሕዝብ ማረፊያዎች ላይ የቀረበ ሂስ

መናፈሻ የሚለው ቃል ከነፋስ፣ ከትንፋሽና ከነፍስ ጋር አንድ ሥር አለው። ስለዚህ ቋንቋው ገና ከስሙ ይፈርዳል። መናፈሻ ማለት ሰው ከቤቱ ወጥቶ አየር የሚለውጥበት ሥፍራ ብቻ ሳይሆን፣ በኑሮ ሩጫ የተቆራረጠ ትንፋሹን መልሶ የሚያገኝበት ሥፍራ ነው። አንድ ቦታ የቱንም ያህል አበባ ቢተከልበት፣ የቱንም ያህል መብራት ቢንቆጠቆጥበት፣ ገብቶበት የወጣው ሰው ትንፋሹ ካልተመለሰለት ስሙን ተዋሰ እንጂ አላገኘውም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የተካሄደው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ሲስፋፋ ደሴና ኮምቦልቻም የሥራው ተካፋይ ሆነዋል። እንዲህ ያለው ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በካሬ ሜትር፣ በወጣበት ገንዘብና በተጠናቀቀበት ቀን ነው። ይህ የመሐንዲስና የሒሳብ ሹም ሚዛን ነው፤ አስፈላጊነቱም አይካድም። ይሁን እንጂ የሕዝብ ማረፊያ እንደ ተውኔትና እንደ ዜማ ሁሉ ይዘትና ቅርጽ ያለው ሥራ በመሆኑ በሥነ ውበት ሚዛንም ሊመዘን ይገባዋል። ይዘቱ የሰው ዕረፍት ነው፤ ቅርጹ ደግሞ ዓይን የሚያየውና ጆሮ የሚሰማው ነው። እስከ ዛሬ ግን አብዛኛው ድካም የዋለው ለዓይን ነው፤ ጆሮ ተረስቷል። ጆሮ የተረሳበት መናፈሻም ግማሽ መናፈሻ ነው።

ይህ የቅንጦት ጥያቄ እንዳልሆነ ሳይንስ ካሳየ ቆይቷል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮጀር ኡልሪች እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት፣ በፔንሲልቫኒያ በሚገኝ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን የ46 ሕሙማን መዝገብ አነጻጽሯል። ግማሾቹ በመስኮታቸው ዛፍ ይታያቸው ነበር፤ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ ያዩት ቀድመው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ የወሰዱት ብርቱ የሕመም ማስታገሻም ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ። ስለ ድምፅም እ.ኤ.አ. በ2010 በስቶክሆልም ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት አለ። 40 ሰዎች በሒሳብ ፈተና እንዲጨነቁ ከተደረገ በኋላ አንድ ጊዜ የወፍና የውሃ ድምፅ፣ ሌላ ጊዜ የመኪና መንገድ ጫጫታ እንዲሰሙ ተደረገ። ሰውነታቸው ከጭንቀቱ ፈጥኖ የተመለሰው ከብርቱው የመንገድ ጫጫታ ይልቅ በወፉና በውሃው ድምፅ ነበር። ከእርሻ መልስ ዋርካ ሥር አረፍ የሚለው ገበሬ ይህን ከአባቱ ተምሮት ያውቃል። የሳይንሱ ድርሻ ዕውቀቱን በቁጥር ማጽናት ነው።

ዕውቀቱ በሁለቱ ከተሞች ሥራ ላይ ሊውል የሚችለው አስቀድሞ የየአገሩ ጠባይ ሲጠና ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ በጦሳ ተራራ ግርጌ የተዘረጋች የጉምና የብርድ ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው የሚያገኟት፣ በ1,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የምትገኝ የፀሐይ ከተማ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ካፖርት ልዩነት ነው። በደሴ መቀመጫ የጠዋት ፀሐይን መጋፈጥ፣ ከኋላውም ነፋስ የሚሰብር ጽድ ወይም ወይራ ማግኘት ይሻል። በኮምቦልቻ ግን ጥላ የሌለው መቀመጫ በቀትር ከተጣደ ምጣድ አይሻልም። አንድ ንድፍ ከአዲስ አበባ ተቀድቶ፣ ያው የብረት መቀመጫ፣ ያው ዘንባባ፣ ያው የቀለም መብራት በሁለቱም ከተሞች ቢደረደር፣ አንድን ቃለ ተውኔት ለሽማግሌም ለሕፃንም እንደማናገር ይቆጠራል። ቅርጽ ከይዘት የሚጣላው በዚህ ጊዜ ነው።

በዓይን በኩል ከተሞቹ የታደሉት ሀብት በጀት የማይጠይቅ ነው። ለደሴ መናፈሻ ከሁሉ የሚበልጠው ሐውልት ጦሳ ነው። ለኮምቦልቻም ከበላይዋ ያለው የየጎፍ ደን ጽዱና ወይራው አለላት። ብልህ ንድፍ አውጪ ዓይንን ወደ እነዚህ የሚመራ ክፍት መስመር ይተዋል፤ ዛፉንም መንገዱንም በዚያ ልክ ያሰልፋል። በመካከል የማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም ፎቅ የገባ እንደሆነ ግን ከተማው በነፃ የተሰጠውን ሥዕል በገዛ እጁ ሸፈነ ማለት ነው።

የጆሮው ነገር የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ደሴ በተራሮች መካከል በጠባብ ሥፍራ የተቀመጠች በመሆኗ ድምፅ የሚበተንበት ሰፊ ሜዳ የላትም። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በከተማዋ ስለሚያልፍ የጭነት መኪናው ጥሩምባና የባጃጁ ጩኸት አብሮ ይመጣል። መናፈሻ ከዚህ መሸሸጊያ መሆን ሲገባው፣ በየማዕዘኑ የድምፅ ማጉያ ተሰቅሎለት ከመንገዱ ጋር ፉክክር የገባ እንደሆነ ተናፋሹ መሸሻ ያጣል። ዓይን ክዳን አለው፤ ጆሮ የለውም።

በድምፅ ማጉያው የሚለቀቀው የአገር ዜማ ስለሆነ ጥፋቱ አይቀልም። እንዲያውም በወሎ ይከብዳል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸው ከወሎ ምድር ስም ጋር አንድ ነው። አምባሰል ከደሴ በስተ ሰሜን ያለው አምባ ነው፤ ባቲም ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ ያለች የገበያ ከተማ ናት። እንዲህ ምድርና ዜማ በአንድ ስም በሚጠሩበት አገር ሙዚቃን ከጠዋት እስከ ማታ ለማንም ሳይሆን ማፍሰስ ሙዚቃውንም መበደል ነው። ማሪቱ ለገሠን በአምባሰል ያደመጠ ሰው የዚያ ዜማ ኃይል ከስንኝ በኋላ በሚመጣው ፋታ ጭምር መሆኑን ያውቃል። ቀኑን ሙሉ ሲያንቃጭል የዋለ ዜማ ግን ፋታ የለውም። ጆሮ ይለምደዋል፤ የለመደውን ድምፅ ደግሞ አያደምጥም። መናፈሻው ዕረፍቱን፣ አምባሰሉም አድማጩን በአንድ ጊዜ ያጣሉ።

በተውኔት መድረክ ዝምታ ባዶ ጊዜ እንዳልሆነ ማንኛውም አዘጋጅ ያውቃል። ተመልካች የሰማውን የሚያብላላው በዝምታው ውስጥ ነው። በመናፈሻም ዝምታ ማለት ድምፅ አልባነት አይደለም። የቅጠል ሽውታ፣ የወፍ ጫጫታ፣ የሕፃናት ሳቅ፣ ከሩቅ የሚመጣ አዛንና የቤተ ክርስቲያን ደወል የሚሰማበት ልክ ነው። እነዚህ በደሴ ለዘመናት አብረው የኖሩ ድምፆች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ሳይውጥ መሰማታቸውም ራሱ የወሎ ጥበብ ነው።

ኮምቦልቻ ሌላ ጥያቄ ታቀርባለች። ከተማዋ የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካ ያላት ስትሆን፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆባታል። ፓርክ የሚለው ቃል ራሱ በኮምቦልቻ ዛፍን ሳይሆን ሼድን ያስታውሳል። ፈረቃውን በማሽን ጩኸት መካከል ቆሞ የሚጨርስ ሠራተኛ ከማንም በላይ ጸጥ ያለ ጥላ ይገባዋል። ለከተማዋ ተፈጥሮ የሰጠችው ማረፊያ የወንዝ ዳር ነበር። ሆኖም ለዮሌና ወርቃ የተባሉት ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ እየተቀበሉ ወደ ቦርከና እንደሚገቡ በጥናት ተረጋግጧል። ወንዙ ታክሞ ቢጠራ የሚሰጠውን ድምፅ ትቶ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፏፏቴ መትከል፣ ምንጭን ደፍኖ ውሃ እንደ መግዛት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ፏፏቴው ዲዳ ይሆናል። በኮምቦልቻ የመናፈሻ ሥራ መጀመር ያለበት ከፋብሪካው ማጣሪያ ነው።

ለሁለቱም ከተሞች የጆሮ ዕረፍት በቅርቡ ታሪካቸው የተነሣ ልዩ ትርጉም አለው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ የበረደላቸውም በኅዳር መጨረሻ ነበር። ከዚያ በፊትም ደሴ ከሰሜን የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖችን አስጠልላለች። የከባድ መሣሪያ ድምፅ የሰማ ጆሮ ለድንገተኛ ድምፅ ሁሉ ይባንናል። ለምረቃ የሚተኮስ ርችት ለአንዱ ጌጥ ሲሆን፣ ለሌላው ያን ሌሊት መልሶ ማምጣት ነው። እንዲህ ያለውን ወገን ሕክምና ሳያሻው መናፈሻ ብቻውን ይፈውሰዋል የሚል የለም። ነገር ግን ሳይደነግጥ ግማሽ ሰዓት የሚቀመጥበት ሥፍራ ማግኘቱ ትንሽ ነገር አይደለም።

«ዳቦና መኖሪያ ቤት በቸገረበት ጊዜ ስለ ወፍ ድምፅ ማውራት ምን ይጠቅማል?» የሚል ተቃውሞ ይኖራል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ሆኖም ግቢ ያለው ሰው በግቢው ይናፈሳል፤ መኪና ያለው ሐይቅ ድረስ ሄዶ ውሃ ያያል። በአንዲት ክፍል ከነቤተሰቡ የሚኖረው ሰው ግን ከመናፈሻ ሌላ ግቢ የለውም። መናፈሻው በአጥር ተከልሎ፣ ሻይ ያላዘዘ የማይቀመጥበት ከሆነም ይህችው ግቢ ተወሰደችበት ማለት ነው።

ስለዚህ ሥራው በሦስት ወገን ይከፈላል። የከተማ ኃላፊዎች ማረፊያ ከመመረቁ በፊት አንድ ሰው መሐሉ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ለሩብ ሰዓት ያስቀምጡ፤ የሰማውንም ከካሬ ሜትሩ ጎን ይመዝግቡ። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወጥተው የሰሙትን ድምፅ ሁሉ ያስጽፏቸው፤ መስማት የሚማሩት እንዲህ ነው። ከያንያን ደግሞ የድምፅ ማጉያው ይወርድ ዘንድ ይጠይቁ፤ በምትኩም በታወቀ ቀንና ሰዓት ማሲንቋቸውን፣ ክራራቸውንና ዋሽንታቸውን ይዘው ይገኙ። ዜማው ሲያበቃ ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ከጭብጨባውም በኋላ ቅጠሉ ይሰማል።