ወርዶ የተሠራ ሞተርን ማወቅ

ካትሌሆንግ ውስጥ ሞተር የሚወርደው በአብዛኛው በግቢ ውስጥ ነው። የቆርቆሮ ጥላ፣ ከግንድ ላይ የተንጠለጠለ ሰንሰለት፣ በዘይት የጠቆረ መሬት። አዲስ አበባ ጋራዥ የዋለ ሰው ሁሉን ያውቀዋል፤ የሚለይበት ቋንቋው ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 የተቆረቆረው ይህ ሰፈር ከጆሃንስበርግ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከቶኮዛና ከቮስሎሩስ ጋር ጎን ለጎን በኤኩሩሌኒ ከተማ ሥር ይገኛል። ሕዝቡ ወደ ሥራ የሚሄደው በሚኒባስ ታክሲ ነው፤ ታክሲ በበዛበት ደግሞ ፒስተንና ፋሻ የሚቀይር እጅ ይበዛል። በሰፈሩ ሱቅ ከፍተው፣ ከጆሃንስበርጉ ጂፒ፣ ዛሬ ራሂማ ሙሳ ከተባለው ጎዳና፣ ዕቃ ጭነው የሚመላለሱ ወገኖቻችንም ያረጀች ባኪያቸው (ፒክአፓቸው) ጭስ ማብዛት ስትጀምር የሚቆሙት ከእነዚሁ ግቢዎች ደጃፍ ነው።

ሞተር የሚያሠራ ሰው የሚከፍለው ለማያየው ሥራ ነው። ቴስታታው ከታሰረ፣ ካርተሩ ከተገጠመ በኋላ ደኅናውም ክፉውም አንድ ይመስላል፤ ሁለቱም ይነሣሉ፣ ሁለቱም ለሳምንት ያህል ጸጥ ብለው ይሠራሉ። ስለዚህ ሥራውን መመዘን የሚፈልግ ሞተሩ ሳይዘጋ መድረስ፣ ደርሶም ቁጥር መጠየቅ አለበት። ጥሩ ሠራተኛን የሚያስታውቀው የቀየረው ዕቃ ብዛት አይደለም፤ የለካው ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ሲሊንደሩ ስንት ሆነ?» የሚል ይሁን። አንድ ቁጥር ብቻ የሚመልስ ሰው በደንብ አልለካም። ሲሊንደር እኩል አይበላም፤ ይበልጥ የሚበላው ወደ ላይ፣ የላይኛው ፋሻ ደርሶ በሚመለስበት ከፍታ ላይ ነው፣ እሱም ቢዬላው ፒስተኑን ወደ ጎን በሚገፋበት አቅጣጫ። ክብ የነበረው ሞላላ ይሆናል፣ ቀጥ ያለው ደግሞ ወደ ላይ ይሰፋል። ይህን ለማወቅ በሦስት ከፍታ፣ በየከፍታውም በሁለት አቅጣጫ ይለካል፤ ለአንድ ሲሊንደር ስድስት፣ ለአራት ሲሊንደር ሞተር ሃያ አራት ቁጥር ማለት ነው። ቁጥሩ በካርቶን ክዳን ላይ በእርሳስ ተጽፎ ቢገኝም ግድ የለም፣ ይኑር እንጂ። በእጅ ጣት ዳብሶ «ገና ነው፣ ፋሻ ብቻ ይበቃዋል» የሚል ሠራተኛ በሲሊንደሩ አፍ ላይ የተፈጠረውን እርከን ነው የዳሰሰው፤ ከእርከኑ በታች ያለውን ሞላላነት ጣት አይለይም።

ከዚያ የሥራው ቅደም ተከተል ይታያል። በደቡብ አፍሪካ ለረጅም ጊዜ የታክሲው ጌታ የነበረውን ሲያያ ሃያስ እንውሰድ። 4ዋይ የሚባለው የቤንዚን ሞተሩ 91 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሲሊንደር አለው፤ 0.50 ከፍ ያለ ፒስተን ሲገባለት 91.5 ይሆናል። የማይቸኩል ሠራተኛ መጀመሪያ ብሎኩን ይለካል፣ ቀጥሎ ፒስተኑን ይገዛል፣ የተገዛውን ፒስተን ራሱን ይለካል፣ በመጨረሻ ብሎኩንና ፒስተኖቹን አብሮ ወደ ሬቲፊካ ይልካል። ካትሌሆንግ በዚህ ዕድለኛ ናት፤ ጎረቤቷ ጀርሚስተን በወርቅ ማዕድንና በባቡር የኖረች የብረት ሥራ ከተማ ነች። ነገር ግን ሬቲፊካ ቤቱ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ፒስተኑን ሳያይ «0.50 አውጣልኝ» ተብሎ የታዘዘ ከሆነ የሚሠራው በግምት ነው። በካርቶኑ ላይ 0.50 የተጻፈባቸው አራት ፒስተኖች አራቱም በትክክል እኩል ናቸው ማለት አይደለም፤ በፒስተንና በሲሊንደር መካከል የሚተወው ክፍተት ደግሞ በመቶኛ ሚሊሜትር የሚቆጠር ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር ለራሱ ፒስተን መከፈት አለበት፤ ፒስተኖቹ ራስ ላይም 1፣ 2፣ 3፣ 4 ተብሎ ተጽፎ ማየት ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው።

ፒስተን የሚለካው ከታች ቀሚሱ ላይ፣ ከስፒኖቱ ጋር መስቀለኛ በሆነ አቅጣጫ ነው። ራሱን የለካ ሰው ተሳስቷል፤ ፒስተን ሆን ተብሎ ወደ ላይ ጠበብ፣ ዙሪያውንም ሞላላ ተደርጎ ይሠራልና። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ይለጠጣል፣ እሳቱ ያለው ደግሞ በራሱ በኩል ነው። ሲቀዘቅዝ ልክክ ብሎ የገባ ፒስተን ሲሞቅ ይነክሳል። «ጥብቅ አድርጌ ሠራሁልህ» የሚለው ቃል በብዙ ባለ መኪና ጆሮ ጣፋጭ ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚያስጠረጥረኝ እሱ ነው።

ፋሻ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ብዙው ስሕተት እዚህ ነውና። አብዛኛው ሰው ፋሻ አየር የሚይዘው በራሱ ውጥረት ሲሊንደሩን ገፍቶ ይመስለዋል። ውጥረቱ ጥቂት ነው። ዋናውን ሥራ የሚሠራው የሚፈነዳው ጋዝ ራሱ ነው፤ በፋሻው ላይ ባለችው ጠባብ ክፍተት ገብቶ ከጀርባው ይሆንና ወደ ግድግዳው ያስጠጋዋል። የብስክሌት መንፊያ ውስጥ ያለችው ቆዳ ሲገፏት አፏን ከፍታ ከቱቦው ጋር እንደምትለጠፈው ማለት ነው። በሞላ የሚሠራ የአየር ጠመንጃ ፒስተን ጫፍ ላይ ያለው ባለ ከንፈር ማኅተምም በዚሁ ዘዴ ይይዛል። ስለዚህ ፋሻው በጎድጓዳው ውስጥ እንደ ልቡ መንቀሳቀስ አለበት፤ ጥላሸት ባልተጠረገበት ወይም ጠርዙ በተበላ ጎድጓዳ ውስጥ የገባ አዲስ ፋሻ ከአሮጌው አይሻልም። አሮጌ ፒስተን ላይ አዲስ ፋሻ የሚያስገባ ሰው ካለ ጎድጓዳውን በምን እንዳጸዳና በፊለር ጌጅ ለክቶት እንደሆነ ይጠየቅ።

የፋሻው ጫፍና ጫፍ የሚተውት ክፍተትም በግምት አይሆንም። ለእያንዳንዱ 100 ሚሊሜትር ስፋት ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር የሚለው የቆየ ልማድ ለተራ ሞተር ጥሩ መነሻ ነው፤ የመኪናው መጽሐፍ ካለ እሱ ይቀድማል። ፋሻው ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል፣ በተገለበጠ ፒስተን ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ ይገፋል፣ ከዚያ ክፍተቱ ይለካል። ከጠበበ ጫፉ በጥሩ ሞረድ ይሞረዳል። የሰፋ ክፍተት ትንሽ ጋዝ ያሳልፋል፤ የጠበበው ግን ሲሞቅ ጫፎቹ ይጋጩና ፋሻውን ይሰብራል ወይም ሲሊንደሩን ይቧጥጣል። ከሁለቱ የትኛውን ትመርጣለህ ብባል ሰፊውን እመርጣለሁ። በፋሻው አንድ ጎን ላይ የምትገኝ ትንሽ ፊደል ወይም ነጥብ ወደ ላይ ትዞራለች፤ የሦስቱም ክፍተቶች በአንድ መስመር እንዳይገጥሙ ተራርቀው ይቀመጣሉ። ይህን ለማየት የሞተር ዕውቀት አያስፈልግም፤ ፒስተኑ ከመግባቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ማየት ይበቃል።

ስለ ዕቃው ስም ብዙ የማልለው በምክንያት ነው። ሱማሌ ተራም ሆነ ጆሃንስበርግ ገዢ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የየት አገር ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፤ ተራው ግን ከልኩ በኋላ ነው። በትክክል የተለካ መካከለኛ ፒስተን፣ በግምት በተከፈተ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ኦርጅናል ፒስተን ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል።

ሬቲፊካ ሲጨርስ ግድግዳው መስታወት መምሰል የለበትም። የሚያብረቀርቅ ሲሊንደር ዘይት አይይዝም፣ አዲስ ፋሻም ከሱ ጋር አይለማመድም። የሚፈለገው እርስ በርሱ የተሻገረ፣ ስስ ጭረት ነው፤ መስመሮቹ ሲገናኙ ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ያህል ይከፈታሉ። ጭረቱ ጠፍጣፋ ከሆነ የመሣሪያው ወደ ላይና ወደ ታች ምልልስ ዘገምተኛ ነበር፣ ከቆመ ደግሞ ዘይቱን ወደ ታች ያፈስሰዋል። ለዓይን የሚያምረው ይህ ነውና ብዙዎች እዚህ ላይ ረክተው ይመለሳሉ።

እኔ ግን አንድ ሠራተኛ ላይ የመጨረሻ ፍርድ የምሰጠው በእጥበቱ ነው። ድንጋዩ ጭረቱን ሲያወጣ የራሱን ዱቄት እዚያው ጭረት ውስጥ ትቶ ይሄዳል። ቤንዚንና ናፍጣ ዘይቱን ያጥባሉ እንጂ ዱቄቱን አያነሡትም፤ የሚያነሣው ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና ብሩሽ ነው። ከታጠበ በኋላ ወዲያው ይደርቃል፣ ዝገት ሳይቀድመው ዘይት ይቀባል፣ ከዚያም በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጠረጋል። ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ከወጣ እጥበቱ ይደገማል፤ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ። ይህን ሳያደርግ የዘጋ ሰው ፋሻውን የሚበላ ዱቄት ከፋሻው ጋር አብሮ ዘግቷል። ታክሲ ቆሞ በዋለ ቁጥር የቀን ገቢ ስለሚቀር ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ያቻኩላል፤ ጥድፊያው የሚበላው ደግሞ ሁልጊዜ ይህንኑ እጥበት ነው። ሞተር በፍጥነት ቢፈታ ጉዳት የለውም። በፍጥነት ከታጠበ ግን አልታጠበም። ነጭ ጨርቅ ይዞ መሄድ ነውር ከመሰለዎ ከሠራተኛው ይጠይቁ፤ ጎበዙ ራሱ ያሳይዎታል፣ ኩራቱም እዚያ ላይ ነው።

ፓራሊዮና ጓርኒሲዮን ርካሽ ናቸውና ይናቃሉ። የፓራሊዮ ከንፈር፣ ትንሿ ሞላ ያለችበት ወገን፣ ወደ ዘይቱ ትዞራለች፤ ደረቁን ሳይሆን ተቀብቶ ይገባል። አሮጌው ክራንክ ሻፍቱ ላይ የቀደደው ቦይ ካለ አዲሱ እዚያው ቦይ ላይ ቢቀመጥ በወር ውስጥ ያፈስሳል፤ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መቀመጥ አለበት። ሲሊኮን ደግሞ ብዙ ሲቀባ የተሻለ ይመስላል። ከካርተሩ ጠርዝ ወደ ውጭ የተረፈውን ያህል ወደ ውስጥም ተርፏል፤ የውስጡ ይቀደድና የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይዘጋል። ስስ፣ እኩል መስመር ያየ ሰው የጥንቁቅ እጅ አይቷል። በናፍጣ ሞተር፣ እዚያ ኳንተም በሚባለው መኪና ዓይነት ላይ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን በተለያየ ውፍረት ይመጣል። የቱ እንደሚገባ የሚታወቀው ፒስተኑ ከብሎኩ በላይ ምን ያህል እንደሚወጣ ተለክቶ ነው። «አሮጌው ላይ የነበረውን ዓይነት ነው የገዛሁት» የሚለው መልስ ብሎኩ ካልተላጨ ያስኬዳል፤ ከተላጨ አያስኬድም።

ሞተሩ ተነሥቶ ኮምፕሬሽን ሲለካ ነው ቁጥር ራሱ የሚያሳስተው። መጽሐፉ የሚሰጠው ልክ በባሕር ጠለል አየር የተሰላ ነው። ሲያያ የተገጣጠመው ደርባን አጠገብ ፕሮስፔክተን ነው፣ ባሕሩ ዳር። ካትሌሆንግ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ 2,350 አካባቢ። አየሩ ሲሳሳ ፒስተኑ የሚጨምቀው ያንሳል፤ ደርባን ላይ 12 ባር ያሳየ ጤነኛ የቤንዚን ሞተር ካትሌሆንግ ላይ ወደ 10፣ አዲስ አበባ ላይ ወደ 9 ባር ይወርዳል። ያው መኪና ሰመራ ቢወርድ ቁጥሩ መልሶ ይወጣል። በባሕር ዳርቻ 30 የሚያሳይ ናፍጣ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 22 ወይም 23 ቢያሳይ አልደከመም። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ጤነኛ ሞተር ያስወርዳል። የሚያውቅ ተንኮለኛ ደግሞ የደከመውን «ከፍታው ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ከዚህ የሚያወጣው አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ማነጻጸር ነው። ከፍታው አራቱንም እኩል ይጎዳልና ትንሹ ከትልቁ በአሥር በመቶ ውስጥ ከሆነ ሥራው እኩል ነው። አንዱ ብቻውን ከወደቀ በሻማው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ያህል ዘይት ጠብ ይደረግና ይደገማል፤ ከፍ ካለ ጥፋቱ ፋሻው ላይ ነው፣ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን። ይህ ለቤንዚን ሞተር ነው፤ የናፍጣው የመጨመቂያ ቦታ ጠባብ ስለሆነ ዘይቱ ራሱ ቁጥሩን ያሳብጠዋል። የአየር መጭመቂያ ካለ ከዚህም የጠራ መንገድ አለ። ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው አየር ይነፋበትና ጆሮ ይጣላል፦ በዘይት መሙያው ከነፈሰ ፋሻ፣ በጭስ ማውጫው ከነፈሰ ቫልቭ፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ የቴስታታ ጓርኒሲዮን።

ስለ ሮዳጅ የቆየ ልማድ አለን፤ የተሠራውን ሞተር ቀኑን ሙሉ ባለበት ማስነሣት። ለፋሻ የከፋ ነው። ጋዙ ፋሻውን ወደ ግድግዳው የሚገፋው ሞተሩ ሲጫን ስለሆነ ያለ ጭነት የዋለ ፋሻ አይለማመድም፤ ዘይቱ ሲሊንደሩ ላይ ይጋገርና ያ የተደከመበት ጭረት ይሞላል። ይሻላል ሞቅ አድርጎ መንገድ ማውጣት፣ መካከለኛ ጭነት መስጠት፣ መልቀቅ፣ ደግሞ መስጠት። በእነዚያ ቀናት ጥቂት ሰማያዊ ጭስ አያስደንግጥ። ቁልቁለት ወርዶ ነዳጅ ሲረገጥ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ግን የቫልቭ ጎማዎቹ አልተቀየሩም ወይም ሲገቡ ተቀደዋል።

የመጀመሪያው ዘይት ከ500 እስከ 1,000 ኪሎሜትር ባለው ይቀየር፣ ፊልትሮውም ተቆርጦ ወረቀቱ ይዘርጋ። ጥቂት ግራጫ ብናኝ የልምምዱ ነው፤ የሚያንጸባርቅ ቅንጣት ወይም የሲሊኮን ቁራጭ ግን ሰው ፊት የሚቀርብ ማስረጃ ነው። በዚያው ዕለት ኮምፕሬሽኑ እንደገና ይለካ። ፋሻው ከተለማመደ አራቱም ከመጀመሪያው ጥቂት ከፍ ብለው ይገኛሉ። አንዱ ከቀረ መኪናው ወደዚያው ግቢ ይመለስ፣ የመጀመሪያው ቀን ቁጥር ከተጻፈበት ካርቶን ጋር።