ዝም በሉ፣ ሙዚቃ ነው!

የትሏን ታሪክ ሳይሰማ ያደገ ተማሪ በአገራችን ያለ አይመስለኝም። ሕፃኑ ያሬድ ትምህርት አልገባህ ብሎት፣ መምህሩ ገርፈውት፣ ተማሮ ይጠፋል። ከአንድ ዛፍ ሥር አረፍ ብሎ ሳለ አንዲት ትል ግንዱን ልትወጣ ስትሞክር ትወድቃለች፤ ደግማ ትሞክራለች፣ ትወድቃለች፤ በመጨረሻ ከላይ ትደርሳለች። ይህን አይቶ ልቡ ይጸናና ወደ መምህሩ ይመለሳል። መምህራን ይህን ትውፊት ሲወዱት! ሒሳብ ለወደቀው ትሏ ትነገረዋለች። እንግሊዝኛ ላቃተው ትሏ ትጠቀስበታለች። ግን ልብ በሉልኝ፤ ታሪኩን የምናቆመው ትሏ ዛፉ ላይ ስትደርስ ነው። ልጁ ከተመለሰ በኋላ ምን ሆነ? የዜማ ሊቅ ሆነ! እኛ ትሏን ለሒሳብ ወሰድናት፣ ዜማውን ለካህናት ተውነው።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ስለተውነው ነገር ነው፤ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ስላለው የሙዚቃ ትምህርት። «አለ እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። አለ እንጂ! በወረቀት ላይማ ምን ጠፍቶ! ቀደም ሲል «ሥነ ውበት» በሚባለው ውስጥ ነበር፤ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ከቴአትር፣ ከውዝዋዜና ከሥዕል ጋር ተዳብሎ «ክወናና እይታ ጥበባት» ተብሏል። ስሙማ አድጓል።

ሰሞኑን የአንዲት የጎረቤት ልጅ ደብተር አገላብጬ ነበር። ንጹሕ ደብተር ነው፤ ርዕሱ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። የሙዚቃ ትርጉም። የሙዚቃ ጥቅም፣ ከ«ሀ» እስከ «ሠ»። የሙዚቃ መሣሪያዎች ዓይነት፤ የክር፣ የትንፋሽ፣ የምት። ከዚያ ባለ አምስቱ መስመር፣ በላዩም ክብ ክብ ኖታዎች። «እስቲ ይችን አንጎራጉሪልኝ» አልኳት፣ አንዷን መስመር እያሳየሁ። በትዕዝብት አየችኝ። «ጋሼ፣ መዝሙር እኮ ኬጂ ነው። አሁን ሙዚቃ ነው የምንማረው።»

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ እዚህች መልስ ውስጥ አለ። ለልጅቱ መዝሙር ማለት የሕፃናት ጨዋታ ነው፤ አድገው የሚተውት። ሙዚቃ ደግሞ ከጥቁር ሰሌዳ የሚገለበጥ ነገር ነው። ሲገለበጥም ፀጥታ ያስፈልጋል። አንድ መምህር ያጫወተኝን ልንገራችሁ። ልጆቹን አስነስቶ ማዘመር ሲጀምር ከጎን ክፍል ይንኳኳል፤ «ኧረ ልጆቹን ዝም አሰኝልን፣ ፈተና ላይ ነን!» ምን ያድርግ? ዝም አሰኛቸውና ስለ ድምፅ ማስታወሻ ያጽፋቸው ጀመር።

ለብዙ ዓመታት ሥነ ጽሑፍ አስተምሬአለሁና ይህ በሽታ ለእኔ አዲስ አይደለም። ሰምና ወርቅን ተርጉሙ ሲባሉ የማይሳሳቱ፣ የግጥም ዓይነቶችን በቁጥር የሚዘረዝሩ ተማሪዎች በየዓመቱ ይመጡልኝ ነበር። «በል፣ ይህን ግጥም ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልን» ያልኩት ግን ቤቱ የት ላይ እንደሚመታ ጠፍቶት ይንተባተባል። ስለ ግጥም ተምሯል፤ ግጥም አልሰማም። የሙዚቃውም እንዲሁ ነው። ስለ ነገሩ ማወቅ ነገሩን ተክቶ ቁጭ ብሏል። ለምን? ትርጉም ለፈተና ስለሚመች! «ሙዚቃ ምንድን ነው?» ብሎ አምስት ነጥብ መስጠት ቀላል ነው። ስድሳ ልጅ አንድ በአንድ ማዳመጥ ግን ጊዜም ጆሮም ይጠይቃል።

ሕፃን ልጁን ቋንቋ ሊያስተምር ሀ ሁ በማስቆጠር የሚጀምር ወላጅ አለ? ልጁ መጀመሪያ ይሰማል፣ ይኮላተፋል፣ ያወራል፤ ፊደሉ ከዓመታት በኋላ ይመጣል። ይህን ሕግ አባቶቻችን ያውቁት ነበር። ዜማ ቤት የገባ ተማሪ ከመምህሩ አፍ ነው የሚቀበለው። እሳቸው ይላሉ፣ እሱ ይላል፤ ሲስት ይታረማል፣ ደግሞ ይላል። ይዘት፣ ደፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ የሚባሉት ምልክቶች ድምፁን በጆሮው ለያዘ ሰው ማስታወሻዎች ናቸው። በሊቃውንቱ ትውፊት ያሬድ የ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ነው። ምልክቶቹን አደራጁ የሚባሉት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ደግሞ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩ ናቸው። ቁጠሩት እንግዲህ! ድምፁ ከምልክቱ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ቀድሟል። እኛ አንድ ሴሚስተር እንኳ መታገሥ አቃተን። በቁርአን ቤትም ቢሆን ልጁ መጀመሪያ ከኡስታዙ አፍ ነው የሚቀበለው። የቁርአን ንባብ ሙዚቃ ነው ማለቴ አይደለም፤ መንገዱን ነው የምላችሁ። ጆሮ ይቀድማል።

«ይህ የድሮ ነገር ነው፣ ዘመናዊው ሌላ ነው» የሚል ካለ ወደ ሃንጋሪ ልውሰደው። ዞልታን ኮዳይ (እ.ኤ.አ. 1882–1967) ትልቅ የሙዚቃ ደራሲ ነበር፤ ግን የሕፃናትን ትምህርት አልናቀም። ሐሳቡ አጭር ነው። ልጅ በመዝፈን ይጀምር፤ የመጀመሪያ መሣሪያው ጉሮሮው ነው፤ የመጀመሪያ ዘፈኑም የገዛ ሕዝቡ ይሁን። ኖታው ቀስ ብሎ፣ ልጁ በቃሉ ከሚያውቀው ዜማ ላይ ተነሥቶ ይምጣ። መጀመሪያ ላይ የሚያዘወትረው ደግሞ አምስት ድምፅ ያላቸውን ዜማዎች ነበር። አምስት ድምፅ! ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የምንላቸው ቅኝቶቻችንስ በአምስት አምስት ድምፅ የቆሙ አይደሉም እንዴ? ሌላው መርጦና አጥንቶ የሚጀምርበትን የእኛ ልጅ ከቤቱ ይዞት ይመጣል። በር ላይ አስጥለነው እንዲገባ እናደርጋለን እንጂ! ከእኛም ቢሆን የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ለኦርኬስትራ ሲደርስ፣ ለአንደኛው ሥራው መነሻ ያደረገው ዋሽንት ነፊ እረኛን ነበር።

ታዲያ ይህ ድምፅ አልባ ትምህርት ከየት መጣብን? እኔ እንደሚመስለኝ አንደኛው ምክንያት ሙዚቃ ወደ ዘመናዊው ኑሯችን የገባበት በር ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ወላጆቻቸውን ያጡ 40 የአርመን ልጆች ሲጫወቱ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» ተብለው የቤተ መንግሥት የነሐስ ባንድ ሆኑ። አለቃቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የሠሩት መዝሙር የአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ለመሆን በቃ። የሚያኮራ ታሪክ ነው፤ አልነቅፈውም። ግን ሙዚቃ በዚያ በር ሲገባ የሰልፍና የእንግዳ አቀባበል ልብሱን ለብሶ ነው። ትምህርት ቤቶቻችንም ልብሱን እስከ ዛሬ አላወለቁለትም። ልጆች የሚዘምሩት መቼ ነው? ባንዲራ ሲሰቀል፣ ባለሥልጣን ሲመጣ፣ የወላጆች ቀን ሲሆን።

በየጠዋቱ የሚዘመረውንስ አስተውላችሁታል? የሰሎሞን ሉሉን ዜማ ልጆቻችን በዓመት ስንትና ስንት ጊዜ ይሉታል። የትኛው ሐረግ እንደሚወጣ፣ የትኛው እንደሚወርድ፣ ትንፋሽ የት እንደሚሳብ አንድ ቀን የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ አንሥቶ ያሳያቸው ግን ስንቱ ነው? በዓመቱ መጨረሻማ ይባስ ብሎ ፕሌይባክ መጣ። ትልቅ ስፒከር ይተከላል፣ የአዋቂ ዘፈን ይለቀቃል፣ የሰባት ዓመት ልጅ በሙሉ ልብስ አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ወላጅ በሞባይሉ ይቀርፃል፣ ያጨበጭባል። ለመሆኑ ለማን ነው ያጨበጨብነው? ልጁ እንደሆነ ድምፁን አላሰማንም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ፤ ቀላል አይደሉምና። መምህሩ አልሠለጠነም፤ እውነት ነው። ሰውነት ማጎልመሻ ሲያስተምር የነበረውን «አንተ ደግሞ ሙዚቃ ያዝ» ይሉታል። ክፍሉ ተጨናንቋል፤ እውነት ነው። መሣሪያ የለም፤ ይህችኛዋ ግን ግማሽ እውነት ናት። ፒያኖ ማን ጠየቀ? ዋሽንት ሸምበቆ ነው። ከበሮ በየሰፈሩ አለ። እሱም ከጠፋ እጅ ያጨበጭባል፤ ጉሮሮም በግዥ አይመጣም። ስድሳ ልጅ ለሒሳብ ሸክም ነው፤ ለመዘምራን ግን ጸጋ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የሃይማኖቱ ነው። «ልጄ ዘፈን አይማርም» የሚል ወላጅ በሁሉም ቤተ እምነት አለ። በንቀት የሚታለፍ አይደለም፤ ከዚህ ወላጅ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል። ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ቁጥር፣ ስለ እናት የሚዘመር የማንንም እምነት አይነካም። አጠገቡም ሌላ ጥያቄ አለ፤ የማን ዘፈን? አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ጉራጌውንም፣ ኦሮሞውንም፣ ዶርዜውንም፣ አማራውንም ይዟል። ለእኔ መልሱ ከጥያቄው ይቀላል። እያንዳንዱ ልጅ አያቱ ዘንድ ሄዶ አንድ ዜማ ያምጣ፤ ክፍሉ በሙሉ ይማርለት። የጓደኛውን የአያት ዜማ በአፉ ያለ ልጅ ያንን ጓደኛውን በቀላሉ አይጠላም።

ከዚህ በላይ ደግሞ አብሮ መዘመር የሚያስተምረው ነገር አለ። ብቻህን ከጮህክ ይበላሻል። ከቀደምክ ይበላሻል። የጎንህን ልጅ ካልሰማህ ይበላሻል። ይህን በስብከት ያስተማረን ማን ተሳካለት? ልጆች ግን በሆያ ሆዬና በአበባየሆሽ ያውቁታል። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ተራ አለ፣ ምት አለ፣ የተገኘውንም ተስማምቶ መካፈል አለ። ቡሄም እንቁጣጣሽም የሚውሉት በክረምት እረፍት ነው። የልጆቻችን ዋናው የሙዚቃ ትምህርት የሚሰጠው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው ማለት ነው!

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፈተናው ይለወጥ፤ «ሙዚቃ ምንድን ነው?» ይቅርና ልጆቹ አምስት አምስት እየሆኑ ተነሥተው ይዘምሩ፣ ነጥባቸውን በዚያ ያግኙ። ፈተናው ከተለወጠ ማስታወሻው በራሱ ጊዜ ያጥራል። የሙዚቃን ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ መስጠት ይቅር። የጎን ክፍሉም መምህር ለአርባ ደቂቃ ይታገሥ። እኛ ወላጆችና አያቶች ደግሞ ማታ ልጁ ሲገባ «ስንት አመጣህ?» ከማለታችን በፊት «ዛሬ ምን ዘመራችሁ?» እንበለው። «ምንም» ካለ ጥፋቱ የእሱ አይደለምና በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደን ዳይሬክተሩን እንጠይቅ።