ስታር ትሬክን ደግሞ ማየት

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ መጻሕፍት ነው። ለዛሬ ግን ስለ አንድ የቆየ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም እንጻፍ። ስሙ «ስታር ትሬክ» ይባላል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጀነሬተሩ ከተነሳ በትልቁ ክፍል ተሰብስበን ከፊልሙ አንድ ክፍል እናያለን። በሳምንቱ ያንኑ ክፍል ደግመን እናይና እንከራከርበታለን። «የስድሳ ዓመት ፊልም ፈተና ለደረሰበት ተማሪ ምን ይሠራለታል?» የሚሉን ባልደረቦች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በወጉ እንመልስላቸው። ከታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የክፍሎቹን ርእስ ወደ አማርኛ የመለስነው እኛው ነን።

ፊልሙን ላላያችሁ ባጭሩ፦ ዘመኑ ከዛሬ ሁለት መቶ ዓመት በላይ ወደፊት ነው። «ኢንተርፕራይዝ» የምትባል መንኮራኩር ከኮከብ ወደ ኮከብ ትዞራለች። አዛዧ ካፒቴን ከርክ ነው። ምክትሉ ስፖክ እናቱ የምድር ሰው፣ አባቱ የሌላ ፕላኔት ሰው ሲሆን፣ ጆሮው ሹል፣ ንግግሩ ሁሉ ስሌት ነው። ሐኪሙ ማኮይ ከስፖክ ጋር የማይጨቃጨቅበት ቀን የለም። የመገናኛ መኮንኗ ኡሁራ ጥቁር ሴት ናት፤ መሪውን የሚይዘው ሱሉ የእስያ ዝርያ፣ አጠገቡ የሚቀመጠው ቼኮቭ ሩሲያዊ ነው። በ1960ዎቹ አሜሪካ እነዚህን ሁሉ በአንድ መርከብ ላይ፣ ያውም በማዕረግ ማስቀመጥ ቀላል ነገር አልነበረም። የፊልሙ ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪ ይባላል። ኤን.ቢ.ሲ. በተባለው ጣቢያ ከሴፕቴምበር 1966 እስከ ጁን 1969 ድረስ 79 ክፍሎች ታይተው አለቀ።

አለቀ ስንል ግን አላለቀም። ገና ሁለተኛ ዓመቱ ላይ ጣቢያው ሊያቋርጠው ነው ሲባል ቢጆ ትሪምብል የተባለች ተመልካችና ባለቤቷ ጆን ሕዝቡን አስተባብረው የደብዳቤ ናዳ አወረዱበት፤ ሦስተኛው ዓመት የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ዋናው ዝና የመጣውም ፊልሙ ከተቋረጠ በኋላ፣ በ1970ዎቹ የየከተማው ጣቢያዎች እየደጋገሙ ሲያሳዩት ነው። ልብ በሉ፣ ያኔ በየቤቱ የቪዲዮ ካሴት የለም። አንድ ክፍል ያመለጠው ሰው ተራው እስኪመለስ መጠበቅ ነበረበት። እየጠበቁም ይጽፉ ነበር፤ ገና በ1967 «ስፖካናሊያ» የሚባል፣ ራሳቸው አዘጋጅተው ራሳቸው የሚያባዙት መጽሔት ነበራቸው። (ይቺ ዜና መጽሔት በምን ሁኔታ እንደምትባዛ የሚያውቅ ይረዳቸዋል።) በ1972 ደግሞ ኒውዮርክ ላይ ትልቅ ስብሰባ አደረጉ። እኛን የገረመን የብዛታቸው ነገር አይደለም። እነዚህ ሰዎች በጣም የሚወዱትን ነገር ጉድለቱን እየለቀሙ ይቆጥሩታል። አለቱ ካርቶን መሆኑን፣ ባለፈው ክፍል የተባለው በዚህኛው መፍረሱን ይነግሩሃል፤ መውደዳቸው ግን አይቀንስም። ተማሪዎቻችን ድርሰት ላይ ወይ ሙሉ ምስጋና ወይ ሙሉ ርግማን ሲጽፉ ስለምናይ፣ ይህን ልማድ ከነዚህ ሰዎች ብንቀዳ አይጎዳም ብለን ነው የጀመርነው።

አንድን ፊልም መጀመሪያ ስናየው ታሪኩ ይዞን ይሄዳል። ማን ሞተ፣ ማን ዳነ እያልን ሌላው ሁሉ ያልፈናል። ሁለተኛ ስናየው መጨረሻው ስለሚታወቅ ዓይናችን ነጻ ይሆናል፤ ጥግ ላይ የቆመውን ሰው ማየት እንጀምራለን።

ለምሳሌ «ተለዋጩ» የሚለውን፣ በሴፕቴምበር 1967 የታየውን ክፍል እንውሰድ። ኖማድ የሚባል ማሽን እንከን ያለበትን ሁሉ እያጠፋ ይዞራል። መንኮራኩሯ ውስጥ ሲገባ ኡሁራ ስታዜም ይሰማና «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ አእምሮዋን ሲመረምር ያላትን ዕውቀት በሙሉ ይደመስሰዋል። ቀጥሎ ኡሁራን የምናያት ሕክምና ክፍል ተቀምጣ ከነርሷ ጋር ንባብ ከሀ ስትጀምር ነው። አንዷን ቀላል ቃል ማንበብ ያቅታታል፤ ትበሳጫለች፤ ስትበሳጭ ስዋሂሊ ታወራለች።

መጀመሪያ ቀን እዚህ ጋ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ስዋሂሊ ቲማቲም የምንገዛበት ቋንቋ ነው፤ ከጠፈር መንኮራኩር ውስጥ ሲሰማ ያስቃል። የኡሁራ ስምም ቢሆን የመጣው «ኡሁሩ» ከሚለው የስዋሂሊ ቃል ነው፤ ነጻነት ማለት ነው፤ እዚህ የማያውቀው ሕፃን የለም። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጠያቂው በዛ። ማሽኑ ሁሉንም ከደመሰሰ ስዋሂሊው ከየት ቀረ? የድሮዎቹ ወዳጆች ቢሆኑ ይህን ከስህተት መዝገብ ያስገቡት ነበር፤ በታሪኩ አካሄድ ስናየው እውነትም ስህተት ነው። ከአንደኛ ክፍል መምህራን አንዷ ግን አልተቀበለችም። ልጅ ሲያለቅስ በእናቱ ቋንቋ ነው የሚያለቅሰው፣ በየቀኑ የማየው ነው አለች። እኛም የክፍሉ ምርጥ ደቂቃ ይህቺ ናት እንላለን፤ ጸሐፊው አስቦበትም ይሁን ሳያስብ።

ሌላው ግን አያስመሰግነውም። መጨረሻ ላይ ማኮይ ኡሁራ ከወዲሁ የኮሌጅ ደረጃ ላይ እንደደረሰች፣ በሳምንት ውስጥም ሥራዋ ላይ እንደምትገኝ ይናገራል። በሳምንት! እንግሊዝኛ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ዓመታት የከረሙት ተማሪዎቻችን ምን እንዳሉ እዚህ አንጽፍም። የሚያሳዝነው ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። የዚህች ሴት ልጅነት፣ ቤተሰቧ፣ የምታዜመው ዜማ ሁሉ የት ገባ? ፊልሙ ማንበብ ቻለች ወይ ብሎ ይጠይቃል እንጂ ምን አጣች ብሎ አይጠይቅም። ከርክ ስለ ማሽኑ ቀልድ ይቀልዳል፣ ሙዚቃው ይመታል፣ ያልቃል። ተዋናይዋ ኒሼል ኒኮልስ ራሷ እንደተናገረችው ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ልትለቅ አስባ ነበር፤ እንድትቆይ የለመኗት ማርቲን ሉተር ኪንግ ናቸው። ቆየች፤ በኋላም በ1977 ናሳ ሴቶችንና ጥቁሮችን ለጠፈርተኛነት እንዲመለምል ሠራች። በ2022 እስክታርፍ ድረስም ስሟ አልደበዘዘም። እንዲህ ያለች ሴት ይዘው ከዚህ የተሻለ ቢጽፉላት ምን ነበር?

(ትንንሾቹ ልጆች ከሁሉ የሚወዱት «አሬና» የሚለውን ነው፤ ከርክ የጎማ ቆዳ ከለበሰ እንሽላሊት ጋር የሚታገልበትን። ሦስተኛ ጊዜ ካላሳያችሁን ብለዋል። ስለዚያኛው ብዙ የምንለው የለም።)

ብዙ ክርክር ያስነሳው «ያ የመጨረሻ የጦር ሜዳችሁ ይሁን» የሚለው፣ በጃንዩዋሪ 1969 የታየው ክፍል ነው። ሎካይ የሚባል ሰው በተሰረቀች ትንሽ መንኮራኩር ሸሽቶ ይመጣና ከርክን ጥገኝነት ይጠይቃል። ከኋላው ቢል የሚባል መኮንን ደርሶ «ይህ ወንጀለኛ ነው፣ ስጡኝ» ይላል። ሁለቱም ከቼሮን ፕላኔት ናቸው። ፊታቸው ለሁለት የተከፈለ፣ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጭ ነው። ከርክና ስፖክ ልዩነታቸው አይታያቸውም። ቢል ግን ይቆጣል፤ አይታያችሁም እንዴ፣ እኔ በቀኝ በኩል ጥቁር ነኝ፣ እሱ በቀኝ በኩል ነጭ ነው! ቢል ሎካይን ሲያሳድድ 50,000 ዓመት ሆኖታል።

እዚህ ካምፕ ለምንኖር ሰዎች ይህ የጠፈር ታሪክ አይደለም። ጥገኝነት መጠየቅ፣ ኬዝህ እስኪታይ መቆየት፣ አሳዳጅህ በር ላይ ቆሞ ስላንተ የራሱን ሲተርክ መስማት፤ ማንም አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ከርክ በሥርዓቱ ጉዳዩ ሳይሰማ አሳልፌ አልሰጥም ሲል ተጨበጨበለት።

በሁለተኛው ዕይታ የያዘን ግን ሌላ ነው። ሁለቱ ሲካሰሱ ሎካይ ወገኖቹ ከቤታቸው እየተጎተቱ ለባርነት መሸጣቸውን ይናገራል። ቢል ደግሞ እነሱ ያልሠለጠኑ ነበሩ፣ ወደ ቤታችን አስገባናቸው፣ አስተማርናቸው ይላል። ሎካይ ወዲያው ይመልሳል፦ አዎ፣ ጌታን ለማገልገል የምትበቃ ያህል ትምህርት። መጀመሪያ ቀን ይህቺን ማንም አላስተዋላትም፤ ጩኸት ውስጥ ነው የሚባለው። ደግመን ስናይ የስምንተኛ ክፍል አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «አቁሙት» አለ። ቆመ። እኛስ የምንማረው የምን ያህል ነው ብሎ ጠየቀ። የዛሬ ስንት ዓመት ከዚሁ የወጡ ልጆች ሰርተፊኬት ይዘው ያሉት እዚሁ አይደለም ወይ? አስተርጓሚ ለመሆን፣ ራሽን ለመመዝገብ የሚበቃ ትምህርት ከሆነ የሎካይ በምን ይለያል?

ከመምህራን በኩል የተሰጠው መልስ አንድ አልነበረም። አንዳንዶቻችን ልዩነቱ ሐሳቡ ላይ ነው አልን፦ ቢል ያስተማረው እንዳያልፉ ነው፣ እኛ የምናስተምረው እንዲያልፉ ነው። ከመካከላችን አንዱ ግን ለተማሪው ሐሳብ ሳይሆን በር ነው የሚቆጠረው፣ በሩ ከተዘጋ የአስተማሪው ደግነት ምን ይፈይዳል አለ። ይህን ክርክር እዚህ አንዘጋውም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ አይወጣም ነበር፤ «ምን ይሠራለታል?» ላሉን ባልደረቦች የምንሰጠው አንዱ መልስ ይኸው ነው።

በዚሁ ክፍል ቼኮቭና ሱሉ ስለ ሁለቱ ሰዎች ጥል ሲነጋገሩ፣ ቼኮቭ ድሮ በምድር ላይም እንዲህ ያለ ማሳደድ እንደነበር በታሪክ ትምህርት አንብቤያለሁ ይላል። ሱሉ ደግሞ አዎ፣ ግን ያ ጥንት በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ዛሬ እንዲህ የሚያስብ የለም ብሎ ይመልሳል። ሱሉን ሆኖ የሚሠራው ጆርጅ ታኬይ ነው። አሜሪካና ጃፓን ሲዋጉ በ1942 የአሜሪካ መንግሥት 120,000 ያህል የጃፓን ዝርያ ያላቸውን ሰዎች ያለ ክስ፣ ያለ ፍርድ ካምፕ አስገባ፤ አብዛኞቹ ዜጎች ነበሩ። የታኬይ ቤተሰብም ነበረበት። ልጁ የአምስት ዓመት ሕፃን ነበር። መጀመሪያ የፈረስ ጋጣ ውስጥ አኖሯቸው፤ ከዚያ አርካንሶ ክፍለ ሀገር ሮወር ወደሚባል ካምፕ፣ ከዚያም ካሊፎርኒያ ቱል ሌክ ወሰዷቸው። ታኬይ እንደሚተርከው የካምፑ ትምህርት ቤት ውስጥ ጠዋት ጠዋት ለባንዲራው ቃል ሲገቡ በመስኮቱ የሽቦ አጥርና የጥበቃ ማማ ይታየው ነበር። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀውና ለተረፉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር እንዲከፈል የወሰነው በ1988 ነው።

እንግዲህ ካምፕ ውስጥ ያደገ ሰው ነው «ያ ድሮ ቀረ» የሚለውን ቃል የሚናገረው። ይህን ካወቅን በኋላ ያቺን ደቂቃ ሦስተኛ ጊዜ አየናት። ሱሉ ሲናገር ፊቱ አይለወጥም፤ ሥራውን ይሠራል። ክፍሉ ጸጥ አለ።

አሁን ወደ ወቀሳው። ከርክ መጨረሻ ላይ ሁለቱን እኩል ይለምናቸዋል፤ ጥላቻችሁን ተዉት፣ ፕላኔታችሁ አልቋል፣ የቀራችሁ እናንተ ብቻ ናችሁ ይላቸዋል። እውነትም ቼሮን በሬሳ የተሞላ ባዶ ምድር ሆናለች፤ ሁለቱም ወደዚያው ወርደው አንዱ አንዱን ሲያሳድድ፣ የሚቃጠሉ ከተሞች በላያቸው ሲያልፉ ይታያል። ምስሉ ኃይለኛ ነው። ኪንግ ከተገደሉ ገና ዘጠኝ ወሩ ስለነበር፣ ያኔ ያየው አሜሪካዊ ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም፤ የታሪክ መምህራችንም ፊልሙን በዚህ በኩል ይከላከልለታል። ይሁን። ነገር ግን ባሪያ የነበረውንና ባሪያ አድርጎ የገዛውን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ለተመልካች የሚመች ነገር ነው፤ እውነት መሆኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሎካይ ነጻ ከወጣችሁ ቆይቷል ሲባል፣ ሰው ለመሆን፣ ባልና አባት ለመሆን ነጻ ነበርን ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከርክ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም፤ ፊልሙም ሳይመልስ በጥላቻ ይጠፋሉ ብሎ ይደመድማል። ከተማሪዎች ግማሽ ያህሉ በዚህ አይስማሙም። ማን ጀመረ እያሉ መቁጠር እኮ ነው እዚህ ያደረሰን ይላሉ፤ ከነሱም ውስጥ በእነሱ ቤት የሆነውን የምናውቅ ስለሆንን ዝም ብለን አዳመጥን።

በሚቀጥሉት ሁለት ቅዳሜዎች የምናየው «ዲያብሎስ በጨለማ» የሚለውን፣ በማርች 1967 የታየውን ነው። ማዕድን ቆፋሪዎችን እየገደለ ያስቸገረ አውሬ አለ፤ ከዚህ በላይ አንናገርም። በመጀመሪያው ቀን የሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠችውን ክብ ድንጋይ ልብ በሉ። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ኑ፤ ነዳጅ ከተገኘ በ9 ሰዓት እንጀምራለን።