ማን አስረጀው? በዕብራውያን 8፥13 የተለመደ አተረጓጎም ላይ የቀረበ ሂስ

በስብከትም ሆነ በክፍል ውይይት የማያመች የኦሪት ወይም የነቢያት ክፍል ሲነሣ፣ «እሱ እኮ ብሉይ ነው» የሚለው መልስ ነገሩን ይዘጋዋል። ማስረጃ የተጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠቅሰው ዕብራውያን 8፥13ን ነው። ጥቅሱ ግን ይህን ሸክም አይችልም። ከዐውዱ ጋር ሲነበብ እንዲያውም ተቃራኒውን ወደ መናገር ያደላል።

ከቃሉ እንጀምር። «ብሉይ» ከግእዙ «በልየ» የወጣ ሲሆን ማርጀትን፣ መንተብን ያመለክታል። የዕብራይስጡ «ባላ» የሥርወ ቃሉ ዘመድ ነው። በምድረ በዳ ያላረጀው የእስራኤል ልብስ (ዘዳ 8፥4)፣ እንደ ልብስ የሚያረጁት ሰማያት (መዝ 102፥26)፣ ስለ እርጅናዋ የምትናገረው ሣራ (ዘፍ 18፥12)፣ ገባዖናውያን የለበሱት ቡትቶ (ኢያ 9፥5) ሁሉ በዚሁ ግስና ከእርሱ በወጡ ቃላት ይነገራሉ። የዕብራውያን ጸሓፊም ስለ ሰማያት ያንኑ መዝሙር ሲጠቅስ (1፥11) «ፓላዮኦ» የሚለውን የግሪክ ግስ ይጠቀማል፤ በ8፥13 የምናገኘውም እርሱኑ ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ሰማያቱ ራሳቸው ያረጃሉ፤ በ8፥13 መጀመሪያ ላይ ያለው ግስ ግን አድራጊ አለው። ፊተኛውን ያስረጀው ራሱ እግዚአብሔር ነው፤ ያስረጀውም «አዲስ» የሚል ቃል በመናገሩ ነው።

ይህን ቃል የተናገረው የት ነው? በኤርምያስ 31 ነው። ጸሓፊው ከቁጥር 8 እስከ 12 የጠቀሰው ይህ ክፍል በአዲስ ኪዳን ውስጥ ከብሉይ ከተወሰዱት ጥቅሶች ሁሉ ረጅሙ ነው። እንግዲህ እርጅናውን ያወጀው መጽሐፍ ከብሉይ መጻሕፍት አንዱ ነው። ኤርምያስ ጊዜው ካለፈበት ዐዋጁም ጊዜው አልፎበታል፤ የዕብራውያን ሙግትም መሠረት ያጣል። ጸሓፊው ግን ይህንኑ ክፍል በ10፥15 መልሶ ሲያነሣ መንፈስ ቅዱስ ለእኛ እንደሚመሰክር አድርጎ ያቀርበዋል፤ ግሱም የአሁን ጊዜ ነው። ያረጀው ከምዕራፍ 7 ጀምሮ ሲከራከርበት የቆየው የሌዋውያን ክህነት፣ መሥዋዕቱና የድንኳኑ ሥርዐት ነው እንጂ ስለ እነርሱ የሚናገሩት መጻሕፍት አይደሉም።

ግራ መጋባቱ የመጣው መጻሕፍቱ በኪዳኑ ስም በመጠራታቸው ይመስለኛል። ስያሜው ጥንታዊ ነው፤ ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 3፥14 ስለ ብሉይ ኪዳን መነበብ ይናገራል፣ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የሰርዴሱ ሜሊቶም መጻሕፍቱን በዚህ ስም ዘርዝሯል። ስሙን መጣል አያስፈልግም። ስሙን እንደ ፍርድ ቆጥሮ እስከ መጨረሻው መሄድ ግን ወደ ማርቅያን ያደርሳል፤ እርሱም በ144 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ከሮም ቤተ ክርስቲያን ተለይቷል። (በነገራችን ላይ «ካይኖስ» የጥራት፣ «ኔኦስ» የጊዜ አዲስነት ነው እያልን የምናስተምረው ሕግ እዚህ አይረዳንም። የዕብራውያን ጸሓፊ ኪዳኑን በ8፥8 በመጀመሪያው ቃል፣ በ12፥24 ደግሞ በሁለተኛው ይጠራዋል።)

«ብሉይ ነው» ባዮቹ የሚፈሩት ወደ ሥርዐተ ኦሪት መመለስን ከሆነ፣ ፍርሃታቸው ተገቢ ነው፤ የገላትያ መልእክትም ይደግፋቸዋል። ችግሩ ፍርሃቱ በሁሉም ቦታ እኩል አለመሥራቱ ነው። ሚልክያስ 3፥10 ስለ አስራት ሲነበብ ማንም «ብሉይ ነው» አይልም። የዘዳግም 28 በረከትም በየመድረኩ ገና ትኩስ ነው። ያረጀ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የሠራተኛው ደመወዝ፣ የመጻተኛው መብት፣ ለድኻ የሚተወው ቃርሚያ ነው።

እዚህ ላይ ገባዖናውያን ይታወሱኛል። ልብሳቸውና አቁማዳቸው ያረጀ ነበር፤ ያረጀው ግን በመጡበት መንገድ ርዝመት አልነበረም። ከሩቅ አገር የመጡ እንዲመስሉ ሆን ብለው ያረጀውን ለብሰው፣ የሻገተ እንጀራ ይዘው መጡ። የእስራኤል አለቆች ስንቁን አዩ፣ እግዚአብሔርን ሳይጠይቁ ማሉ፤ በሦስተኛውም ቀን ጎረቤቶቻቸው መሆናቸውን ዐወቁ። ከሌዋውያን 19 ጋር የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ቡትቶ አልብሰን «ከሩቅ ዘመን የመጣ» እንለዋለን። ጎረቤታችን መሆኑን ግን ያዕቆብ ይነግረናል። የሠራተኛው ደመወዝ እስከ ማግሥት አይደር የሚለው ትእዛዝ (19፥13) በያዕቆብ 5፥4 የተከለከሉ ሠራተኞች ጩኸት ሆኖ ወደ እግዚአብሔር ጆሮ ይገባል። የሚልክያስን አስራት በየእሑዱ የምታነብ ቤተ ክርስቲያን፣ አዳራሿን ለገነባው የቀን ሠራተኛ ሒሳቡን መቼ እንደ ከፈለች በእነዚሁ መጻሕፍት ልትጠየቅ ይገባል።