በርበሬ በረንዳና በባዕድ አገር የሚሰጥ የአማርኛ ትምህርት

አማርኛን ከኢትዮጵያ ውጭ ማስተማር አገር ቤት ከማስተማር የሚለየው በመጻሕፍት እጥረት ወይም በተማሪዎች ቁጥር ማነስ ብቻ አይደለም፤ ትልቁ ልዩነት ከመማሪያ ክፍሉ ደጃፍ ሲወጡ ቋንቋው የማይሰማ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው በክፍል ውስጥ ያልገባውን ታክሲ ሲሳፈር፣ ሱቅ ሲገባ፣ ከቤት አከራዩ ጋር ሲነጋገር ደጋግሞ ስለሚሰማው፣ መምህሩ የጀመረውን ከተማው ይጨርስለታል፤ በሃምቡርግ፣ በፓሪስ ወይም በዋሽንግተን የሚማረው ግን ሰዓቱ ሲያልቅ አማርኛውም አብሮ ያልቅበታል። በባዕድ አገር የሚያስተምር መምህር ስለዚህ የቋንቋውን ሥርዓት ከማስረዳት በተጨማሪ ቋንቋው የሚነገርበትን ሰፈር ራሱን ወደ ክፍሉ የማስገባት ግዴታ አለበት። ይህ ሁለተኛው ሥራ በሥርዓተ ትምህርት ላይ እምብዛም አይጻፍም፤ የመምህሩ ሙያ የሚለካው ግን በአብዛኛው በእርሱ ነው።

የሙያው ታሪክ ረጅም ነው። የቤተ አምሐራው ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ በ1649 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኝተው፣ በ1652 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ ጎታ ከተማ ተጋብዘው ለዚሁ ሰው ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ፣ ሃይማኖትና ቋንቋዎች አስተምረዋል። ሁለቱን መጀመሪያ ያገናኛቸው የጋራ ቋንቋ ግዕዝ ነበር። ሉዶልፍ በ1698 እ.ኤ.አ. ፍራንክፈርት ላይ ያሳተማቸው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት መሠረታቸው የእኚሁ መነኩሴ ቃል ቢሆንም፣ አባ ጎርጎርዮስ ሥራው ታትሞ ሳያዩ በ1658 እ.ኤ.አ. በባሕር ላይ በደረሰ የመርከብ አደጋ ሕይወታቸው አልፏል። በጎታ ቤተ መንግሥት ውስጥ ከእርሳቸው በቀር አማርኛ የሚያሰማ ገበያም፣ ጎረቤትም፣ ሕፃንም እንዳልነበረ ሲታሰብ፣ በዚያ መዝገበ ቃላት ውስጥ የገባው ቃል በአብዛኛው የተቀዳው ከአገሩ ርቆ ከሚኖር ከአንድ ሰው ትውስታ መሆኑ ይታያል፤ ዛሬም የሙያው ዋና ችግር ይኸው ነው።

ከጎታው ትምህርት ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል በኋላ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በ1905 እ.ኤ.አ. ወደ በርሊን ተልከው እስከ 1908 እ.ኤ.አ. ድረስ በምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አስተምረዋል። በ1887 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ይህ ተቋም የሰዋስው ትምህርትን ለጀርመናውያን መምህራን፣ ንግግርን ደግሞ ሌክተር ለሚባሉ፣ ማለትም ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው ለሆነ አስተማሪዎች የሚያካፍል ነበር። በዚያው ዘመን የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ኔፕልስ ውስጥ አማርኛ ያስተምሩ ነበር፤ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ካሳተሟቸው መጻሕፍት አንዱ ለመንገደኞች የተዘጋጀ የአማርኛና የፈረንሳይኛ መነጋገሪያ ነው። ይህ መጽሐፍ ለመምህራን ትልቅ ምሳሌ ነው፤ ምክንያቱም የመንገድ ጥያቄና የዕቃ ስም በመደርደር ሳይወሰን፣ መንገደኛውና ኢትዮጵያዊው ስለ አገሩ አስተዳደርና ኑሮ በቁም ነገር የሚወያዩበት ስለሆነ፣ ተማሪው በአማርኛ ማዘዝን ብቻ ሳይሆን በአማርኛ መከራከርንም ይማርበታል። ከዚያ ወዲህ ከወጡት መነጋገሪያ መጻሕፍት ብዙዎቹ ወደ ኋላ ተመልሰው ተማሪውን አዛዥ፣ ኢትዮጵያዊውን ታዛዥ አድርገው መቅረጻቸው የሚያሳዝን ነው፤ ‹‹ውሃ አምጣ፣ በሩን ዝጋ›› እያለ አማርኛ የጀመረ ሰው ከአማርኛ ተናጋሪ ጋር እኩል ተቀምጦ ማውራት ይቸግረዋል።

በአዲስ አበባው ትልቅ ገበያ በመርካቶ ያለው በርበሬ በረንዳ ለዚህ ሙያ የሚጠቅመው ገዢና ሻጭ እኩል የሚናገሩበት ቦታ ስለሆነ ነው። መርካቶ አሁን ያለበትን ስፍራ የያዘው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ከተደረገ በኋላ ሲሆን፣ አሠራሩም በተራ ነው፤ ተራ ማለት የአንድ ዓይነት ዕቃ ነጋዴዎች ተሰባስበው የሚሸጡበት ክፍል ማለት ነው። በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ በሚገኘው በርበሬ በረንዳ ዛላ በርበሬ፣ ማለትም ሳይፈጭ በፍሬው ያለ ደረቅ በርበሬ፣ በጆንያ ተደርድሮ ይሸጣል፤ በአካባቢውም ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ጥምዝና ሌላው ቅመም ሁሉ ይገኛል። ሻጩ ስለ ዕቃው ብዙ መናገር አለበት፤ በርበሬው የማረቆ ይሁን የአላባ ወይም የቡሬ፣ የዘንድሮ ይሁን የአምና፣ ቀለሙ ወጥ ላይ ይደምቅ እንደሆነ፣ ማቃጠሉ ልኩ ስንት እንደሆነ ያስረዳል። ገዢዋም ዛላውን ሰብራ፣ ፍሬውን አይታ፣ አሽትታ፣ ያልተስማማችበትን ትናገራለች። ጨርቃ ጨርቅ ወይም የቤት ዕቃ በሚሸጥበት ተራ ንግግሩ ቶሎ ወደ ዋጋ ይሄዳል፤ እዚህ ግን ከዋጋው በፊት ስለ ጥራት፣ ስለ አገሩና ስለ አሠራሩ ረጅም ውይይት አለ፤ ቋንቋ አስተማሪ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

በውጭ የሚያስተምረው መምህር ይህን ንግግር ለመሰብሰብ ወደዚህ ቦታ የሚመጣበት ወቅት ግን ለሥራው አስቸጋሪ ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ረጅም ዕረፍት በአገራችን ክረምት ላይ ስለሚውል፣ ወደ አገሩ የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ ዝናቡ በሚበረታበት፣ ፀሐይ በጠፋችበትና አዲሱ ምርት ገና በእርሻ ላይ ባለበት ጊዜ ነው። ደረቅ በርበሬ በብዛት ወደ ገበያ የሚገባው ከጥቅምት ወዲህ በበጋው ወራት ሲሆን፣ ቤተሰቦችም የዓመት በርበሬያቸውን የሚያዘጋጁት ፀሐይ እያለ ነው። ዛላው ይለቀማል፣ ይቀነጠሳል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ቀጥሎም ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከጤና አዳምና ከበሶብላ ጋር ይደለዛል፣ ማለትም እርጥቡ ከደረቁ ጋር ተለውሶ ታፍኖ ይቆያል፤ ከዚያ እንደገና ይሰጣል፣ የታመሰ ቅመም ይጨመርበታል፣ በመጨረሻም ወፍጮ ቤት ይወሰዳል። በክረምት የመጣ መምህር ይህን ሥራ በዓይኑ ለማየት ስለማይታደል፣ ያለው አማራጭ የሠሩትን ሴቶች ማስነገር ነው፤ ይህም በትምህርት ረገድ ጉዳት አይደለም፤ ሥራው ከሚታይበት ይልቅ በሚተረክበት ጊዜ ቋንቋው ይበዛልና።

በዚህ ትረካ ውስጥ ያሉት ግሦች ለውጭ አገር ተማሪ ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደውን የአማርኛ ባሕርይ ይዘዋል። የአማርኛ ግስ በአድራጊ፣ በተደራጊና በአስደራጊ መልክ ይቆማል፤ አድራጊው ሥራውን ራሱ የሚሠራውን፣ ተደራጊው ሥራው የተፈጸመበትን፣ አስደራጊው ደግሞ ሌላውን የሚያሠራውን ያመለክታል። ወፍጮ ቤት የሄደች ሴት በርበሬ አልፈጨችም፣ አስፈጨች፤ ባለወፍጮው ፈጨ፤ በርበሬው ተፈጨ። ገበያ ላይም ነጋዴው ይመዝናል፣ ገዢዋ ታስመዝናለች፤ ወዛደሩ ይጭናል፣ ባለቤቱ ያስጭናል። ይህን ልዩነት በሠንጠረዥ የተማረ ሰው ፈተናውን ያልፋል፤ ሲናገር ግን ይሳሳታል። በበርበሬ ሥራ ሂደት ውስጥ የተማረው ግን ማን ምን እንደሚሠራ በዓይነ ኅሊናው ስለሚያይ ቅርጹን ከሰዎቹ ጋር አስተሳስሮ ይይዘዋል።

ሌላው ከገበያ የሚገኝ ትርፍ ለጥቅምና ለጉዳት የሚገቡትን ቅጥያዎች ይመለከታል። ‹‹ይጨምሩልኝ›› የምትል ገዢ ከተመዘነው በላይ ምራቂ፣ ማለትም በነፃ የሚታከል ጭብጥ፣ ትጠይቃለች፤ ‹‹ጨመሩብኝ›› ስትል ግን ዋጋው ከፍ እንዳለባት ታማርራለች። ግሱ አንድ ሆኖ ሳለ ‹‹ል›› ወደ ተናጋሪዋ የሚመጣውን ጥቅም፣ ‹‹ብ›› በተናጋሪዋ ላይ የሚወድቀውን ጉዳት ያሳያል። መምህሩ ለዚህ ትምህርት የሚሆን ዓረፍተ ነገር ከራሱ ፈጥሮ መጻፍ ይችላል፤ ነገር ግን በርበሬ በረንዳ ግማሽ ቀን የዋለ ሰው ‹‹ቀንሱልኝ፣ ተወደደብኝ፣ አጣሩልኝ፣ አሳነሱብኝ›› የሚሉትን ሁሉ ከነድምፃቸው ስለሚሰበስብ፣ መፍጠር አያስፈልገውም። ድምፁም ቢሆን ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የአማርኛ ፊደል ጥብቀትን፣ ማለትም አንድ ተነባቢ ረገጥ ተደርጎ መነገሩን፣ በጽሑፍ አያሳይም፤ ስለዚህ ‹‹በርበሬ አለ›› የሚለው ጽሑፍ ‹‹ለ›› ሲጠብቅ ዕቃው መኖሩን፣ ሲላላ ደግሞ አንድ ሰው ‹‹በርበሬ›› ብሎ መናገሩን ይገልጻል። አገር ቤት ያለ ተማሪ ይህን ሳያውቀው በጆሮው ይለየዋል፤ በውጭ ያለው ግን የተቀዳ የብዙ ሰው ድምፅ ካልቀረበለት የመምህሩን ጉሮሮ ብቻ ይለምዳል።

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሳል፤ የሚወሰደው የትኛው አማርኛ ነው? መርካቶ ውስጥ ከሚነግዱት ብዙዎቹ በቤታቸው ጉራግኛ፣ ስልጥኛ ወይም ኦሮምኛ የሚናገሩ ናቸው፤ እርስ በርሳቸው በአፍ መፍቻቸው ተነጋግረው ወደ ገዢው ሲዞሩ አማርኛ ይናገራሉ። አንዳንድ መምህራን ይህን ንግግር ‹‹ያልጠራ›› ብለው ትተው፣ ለክፍላቸው የጎንደርን ወይም የሸዋን አማርኛ ብቻ ይመርጣሉ። ይህ አቋም ስሕተት ነው ብሎ በግልጽ መናገር ተገቢ ነው። አማርኛ በኢትዮጵያ ውስጥ ሚሊዮኖች እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚናገሩት ስለሆነ፣ የውጭ አገሩ ተማሪም አንድ ቀን አገሩን ሲረግጥ ከሚያገኛቸው ሰዎች ብዙዎቹ እንደ እርሱ አማርኛን በኋላ የተማሩ ናቸው። የእነርሱን ንግግር መስማት ጆሮውን ያሰፋለታል፤ የእርሱንም ድፍረት ይጨምርለታል።

ሰውን በአክብሮት ወይም በቅርበት የመጥራት ሥርዓትም ከሰዋስው መጽሐፍ ይልቅ በዚህ ስፍራ ይገለጣል። ‹‹እርስዎ›› የሚለውን ብቻ አጥንቶ የመጣ ሰው ማንንም አያስቀይምም፤ ነገር ግን ባዳነቱ ወዲያው ይታወቃል። ወጣት ገዢ ሽማግሌዋን ነጋዴ ‹‹እማማ፣ ስንት ነው የሚሉት?›› ብላ ትጠይቃለች፤ እርሳቸውም ‹‹የኔ ልጅ፣ ዛላውን አይተሽ ግዢ›› ብለው ይመልሳሉ። የዝምድናው ስምና የግሱ አክብሮት አብረው ይሄዳሉ፤ የታላቂቱም መልስ በአንቺታ መሆኑ ንቀት ሳይሆን ቅርበት ነው። ‹‹ጋሼ››፣ ‹‹እትዬ››፣ ‹‹አባባ››፣ ‹‹ወንድሜ›› የሚሉት ሁሉ ለማን፣ በስንት ዕድሜ ልዩነት፣ ከየትኛው የግስ መልክ ጋር እንደሚገቡ በጥንድ በጥንድ መማር አለባቸው።

ቀረጻ ላይ የመምህሩ ጨዋነት ይፈተናል። ድምፅ መቅረጫውን ከፍቶ በገበያው መካከል መዞር ተገቢ አይደለም፤ ሰውን ሳያስፈቅዱ ድምፁን መውሰድ ነውር ከመሆኑም በላይ፣ ነጋዴው ሥራውን ትቶ ለመንግሥት ወይም ለጋዜጣ የሚናገር ስለሚመስለው ንግግሩ ይደርቃል። የተሻለው መንገድ መጀመሪያ እንደ ገዢ መቅረብ፣ በእውነት መግዛት፣ ዓላማን መናገር፣ ከተፈቀደ መቅዳት፣ ካልተፈቀደ ደግሞ የሰሙትን ዞር ብለው በማስታወሻ መያዝ ነው። የተሸካሚዎችን መተላለፊያ ዘግቶ መቆምም ለሥራቸው አለማዘን ነው።

መምህሩ ተመልሶ ሲበር በብዙ አህጉር አቋራጭ በረራዎች የሚፈቀዱለት እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ናቸው፤ በእነርሱም ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ቅመም ከመጻሕፍት ጋር ቦታ ይሻማሉ። በርበሬው ለራሱ ማዕድ ብቻ ሳይሆን ለማስተማሪያም ነው። በባዕድ አገር የሚኖር መምህር በሳምንቱ ቀናት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥቂት ተማሪዎችን፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም በማኅበረሰብ ማዕከል ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለዱ ልጆችን ያስተምራል። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የዋሽንግተን ዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛን ጨምሮ በተለያዩ ቋንቋዎች አገልግሎት እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሲሆን፣ አማርኛም የተካተተው እንዲህ ያለው ማኅበረሰብ በመብዛቱ ነው። እነዚህ ልጆች ፊደል ባያውቁም የማድ ቤቱን አማርኛ ይሰማሉ፤ ‹‹አማስይው፣ ክደኚው፣ ጨው ጨምሪበት›› ሲባሉ ያደርጋሉ፣ መልሱን ግን በእንግሊዝኛ ይሰጣሉ። ለእነርሱ የበርበሬው ትምህርት ከሚያውቁት ተነስቶ ወደማያውቁት ስለሚወስዳቸው፣ ከዩኒቨርሲቲው ተማሪ ቀድመው የሚሮጡበት ብቸኛው ክፍል ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። እንዲህ ሲሮጡ ማየት ለመምህሩ ትልቅ ደመወዝ ነው።

ከገበያ የተሰበሰበውን ወደ ትምህርት ጽሑፍ መለወጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ንግግሩ ሲጻፍ መደጋገሙና መቆራረጡ ተጠርጎ ከወጣ የመጽሐፍ አማርኛ ይሆናል፤ እንዳለ ከተተወ ደግሞ ጀማሪውን ያደናግራል። ስለዚህ አንዱን ድምፅ በሁለት ጽሑፍ ማዘጋጀት ይመረጣል፤ አንዱ የተስተካከለ፣ ሌላው እንደተነገረ፤ ተማሪውም የመጀመሪያውን አጥንቶ ሁለተኛውን ያዳምጣል። በተጨማሪም በጽሑፉ ውስጥ የበርበሬው ዋጋ የሚነገርበት ቦታ ባዶ መተው አለበት፤ ዋጋ የተጻፈበት መጽሐፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተማሪውን ስለሚያሳስት፣ መምህሩ በየዓመቱ የትምህርት ዘመኑ ሳይጀመር አዲስ አበባ ወዳለ ዘመዱ ደውሎ የአንድ ኪሎ ዛላን የወቅቱ ዋጋ ይጠይቃል፣ በኋላም ተማሪዎቹ ራሳቸው በተራ እንዲደውሉና ቁጥሩን ሰምተው እንዲሞሉት ያደርጋል።