ለሚመለከተው ሁሉ፦ የአንደርኦዝ ጩኸት እንደ ጸሎት

እ.ኤ.አ. ሰኔ 20 ቀን 2006 ለገበያ የቀረበው የአንደርኦዝ አልበም «ዲፋይን ዘ ግሬት ላይን» በመጀመሪያው ሳምንት 98,000 ያህል ቅጂ ተሸጦለት በአሜሪካው የቢልቦርድ 200 ሰንጠረዥ ሁለተኛ ሆነ። አንደርኦዝ መቀመጫውን በፍሎሪዳዋ ታምፓ ያደረገ፣ የፐንክን ቁጣ ከሄቪ ሜታል ክብደት ጋር ያዋሐደውን ሜታልኮር የሚጫወት ባንድ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን አባላቱ ክርስቲያንነታቸውን ከመድረክ ላይ በይፋ ይናገሩ ነበር። ስኬቱን ለመግለጽ ሁለት ማብራሪያዎች ይቀርባሉ። አንዱ ስብከቱን ስላለዘበ ተወደደ ሲል፣ ሌላው የክርስቲያን ሙዚቃ ገበያ ተሸክሞት ነው ይላል። ሁለቱም እምነቱን የሚፈልጉት በግጥሙ ቃል ወይም በሽያጩ መንገድ ነው። እኔ ግን የአልበሙ መንፈሳዊነት ያለው በድምፁ አሠራር፣ ከሁሉ በላይ በጯኺው ድምፃዊና በዜመኛው ግንኙነት ውስጥ ነው እላለሁ።

ነገሩ የሚገባን ከቀደመው አልበም ስንነሳ ነው። በ2004 የወጣው «ዘይር ኦንሊ ቼዚንግ ሴፍቲ» ጆሮ ላይ በሚቀሩ አዝማቾች የተሞላ ነበር፤ የወርቅ ሽልማትም አስገኝቷል። ጯኺው ስፔንሰር ቻምበርሌይን ያኔ የቀድሞውን ድምፃዊ ዳላስ ቴይለርን የተካ አዲስ ገቢ ነበር። በድራም መቺው በአሮን ጊሌስፒ ለስላሳ ዜማ ላይ ያረፈው ይህ ቀመር ገበያው ስለወደደው፣ ያንኑ መድገም ቀላሉ አማራጭ ነበር። ባንዱ ግን ከፕሮዲውሰሮቹ ከኪልስዊች ኢንጌጅ ባንድ ጊታሪስት ከአዳም ዱትኪየቪችና ከማት ጎልድማን ጋር ሠርቶ የከበደና የጠቆረ ሥራ ይዞ ወጣ። አዝማቾቹ ቀነሱ፤ ብዙዎቹ ዘፈኖች ወደ ጀመሩበት አይመለሱም። ቻምበርሌይን ድምፁን ወደ ደረቱ ጥልቀት አወረደው። የጊሌስፒ ዜማ አልጠፋም፤ ቦታው ግን ተለወጠ። ቀድሞ ጩኸቱን እያሳረፈ የሚዘጋው እሱ ነበር። አሁን መሐል ላይ ብቅ ብሎ መጽናናትን ያሳይና፣ ጩኸቱ መልሶ ይውጠዋል። ይህን የቅንብር ምርጫ ብቻ አድርጎ ማየት ያሳንሰዋል፤ ለማኙ መልስ ሳያገኝ የሚቆይበት የልመና ቅርጽ ነውና።

ከአልበሙ አጋማሽ በፊት «ሳልማርኒር» የተባለ ቁራጭ አለ። ርእሱ በአይስላንድኛ «መዝሙራት» ማለት ሲሆን፣ ጩኸቱ ጋብ ብሎ መዝሙረ ዳዊት በሩሲያኛ ይነበብበታል። አብዛኛው አሜሪካዊ ወጣት አንዲት ቃል አይረዳም፤ ግን ጸሎት እየሰማ እንዳለ ያውቃል። ግዕዙን ሳይለይ ዳዊት ሲደገም እየሰማ ያደገ አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ሰባት ደቂቃ ያህል የሚረዝመው የመጨረሻው ዘፈንም «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ርእስ ይዟል፤ የተቀባዩን ስም የማያውቅ ደብዳቤ የሚጀምርበት ቃል።

በዚህ ንባብ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ ቀላል ነው፦ ቃሉ የማይሰማ ጩኸት እንዴት ጸሎት ይሆናል? ግጥሙ በሲዲው አነስተኛ ጥራዝ ታትሞ እንደነበር ማስታወስ ይቻላል፤ መልሱ ያለው ግን እዚያ አይደለም። ዳዊት ራሱ በሮሮ የተሞላ ነው። በግዕዙ ቁጥር 87ኛው መዝሙር ምስጋና ላይ ሳይደርስ፣ ወዳጅና ጎረቤት በራቁት ሰው ብቸኝነት ያበቃል። ሁለተኛው ተቃውሞ ገበያውን ያነሳል፤ እዚህ ላይ እውነት አለ። አልበሙን ያሳተመው ሶሊድ ስቴት፣ የክርስቲያን ሙዚቃ አሳታሚው ቱዝ ኤንድ ኔይል ቅርንጫፍ፣ ለቤተ እምነት ልጆችም ለፐንክ አድማጮችም የሚደርስ መስመር ነበረው፤ የቀደመው አልበም ዝናም የመጀመሪያውን ሳምንት ሽያጭ በእጅጉ አግዟል። ይሁንና ይህ ሲዲው እንዴት ሱቅ እንደደረሰ እንጂ፣ የማያምነው አድማጭ ለምን አብሮት እንደቆየ አይነግረንም።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ባንዱ በ2013 ተበትኖ በ2015 ተመለሰ፤ በ2018 «ኢሬዝ ሚ» የተባለውን አልበም ሲያወጣም የክርስቲያን ባንድ የሚለውን ስያሜ ትቶ ነበር። ቻምበርሌይን በዝናው ዘመን ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር ይታገል እንደነበር በግልጽ ተናግሯል። የተከዱ ያህል የተሰማቸው አማኞች የ2006ቱ እምነት ማስመሰል ነበር ወደሚል ድምዳሜ ቢሄዱ ሐዘናቸው ይገባኛል፤ ፍርዳቸውን ግን አልቀበልም። አልበሙ ስለ ዳነ ሰው ምስክርነት ቢሆን ኖሮ የኋላው ታሪክ ያፈርሰው ነበር። የቀዳው ግን እየሰጠመ የሚጣራን ሰው ነው፤ ኋላ የተነገረው ሱስ ያንን ጥሪ ያጸናዋል። በ2016 ባንዱ የ2004ቱንና የ2006ቱን አልበሞች ከዳር እስከ ዳር እየተጫወተ ሲዞር፣ ቻምበርሌይን ከአሥር ዓመት በፊት የጮኸውን ልመና መድረክ ላይ ደገመው።